ቺንኩዌ ቴሬ

ቺንኩዌ ቴሬ በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በሊጉሪያ ክልል የባሕር ዳርቻ፣ ሞንተሮሶ፣ ቬርናዛ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ የተባሉ አምስት መንደሮችን የያዘ የዕረፍት ጊዜ መዳረሻ ነው። አራቱ ከባሕሩ ዳር ሲገኙ፣ ኮርኒሊያ 100 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ገደል ላይ ተቀምጣለች። የባቡር ሐዲዱ በ19ኛው መቶ ዘመን እስኪዘረጋ ድረስ መንደሮቹ የሚገናኙት በጀልባና ዛሬ ጎብኚ በሚጓዝባቸው የእግር መንገዶች ነበር።

እንግዳው አካባቢውን እንደ ተፈጥሮ ውበት ያየዋል፤ ይህ ግን የእውነቱ ግማሽ ነው። ገደሉና ባሕሩ የተፈጥሮ ቢሆኑም፣ መልኩን የሰጡት ያለ ጭቃ በተካበ ድንጋይ የቆሙት የወይን እርከኖች ናቸው። ዩኔስኮም አካባቢውን እ.ኤ.አ. በ1997 የመዘገበው በባህላዊ መልክዓ ምድርነት ነው፤ የኮንሶ እርከኖችም እ.ኤ.አ. በ2011 የተመዘገቡት በዚሁ ዘርፍ ነው። እርሻው ቢቀር ተፈጥሮ ቦታዋን መልሳ ትይዛለች የሚል ክርክር ይነሣል፤ ሆኖም ጠጋኝ ያጣ ካብ ሲናድ ቁልቁለቱ ለመሬት መንሸራተት ይጋለጣል። ቱሪዝም ለጥገና ገንዘብ ያስገኛል መባሉ ትክክል ነው፤ ለዋናው የባሕር ዳር የእግር መንገድም ክፍያ ይጠየቃል። ይሁንና እንግዳ ማስተናገድ ከወይን ልማት ይልቅ ሲያዋጣ፣ ካቡን የሚክብ እጅ ይሳሳል። የናዳ ስጋቱም የሩቅ አይደለም፤ ማናሮላንና ሪዮማጆሬን የሚያገናኘው «የፍቅር መንገድ» እ.ኤ.አ. በ2012 በድንጋይ ናዳ ተዘግቶ ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ2024 ነው።