የጥጥ ነቀዝን አስቀድሞ የመቁጠር ታሪክ

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



እህል በጎተራ ሲነቅዝ ያላየ ባላገር የለም። በአሜሪካ አገር ደግሞ የጎተራው ነቀዝ ዘመድ የሆነ፥ በጥጥ ላይ የሚኖር ሌላ ነቀዝ አለ። ቁመቱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን አፉ እንደ ኩምቢ ወደ ፊት የሾለ ነው። በአገራችን ጥጥ ላይ አይገኝም፤ ታሪኩ ግን ጥጥ የሚዘራ ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ነው።

ይህ ነቀዝ ከሜክሲኮ ተነሥቶ፥ የሪዮ ግራንዴን ወንዝ ተሻግሮ ቴክሳስ የገባው እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1892 ዓ.ም. ገደማ ነው። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው።) እንስቲቱ ገና ያልፈነዳውን እምቡጥ በኩምቢዋ ትበሳና እንቁላሏን በውስጡ ትጥላለች። ትሉ እዚያው ተሸሽጎ ሲበላ እምቡጡ ይረግፋል፤ በሦስት ሳምንት ያህል ጊዜም አዲስ ነቀዝ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ገበሬው ጉዳቱን በዓይኑ ባየ ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

በ1894 ከዋሽንግተን የተላከው ታውንሴንድ የተባለ የተባይ ሊቅ ጉዳዩን መርምሮ፥ ከመከር በኋላ የጥጡ አገዳ ፈጥኖ እንዲጠፋ፥ በወንዙም አጠገብ ጥጥ የማይዘራበት ምድር እንዲከለል መከረ። ነቀዙ የብርዱን ወራት የሚያልፈው በእርሻ ዳር በረገፈ ቅጠል ሥር ተኝቶ ነውና፥ ሳይጠግብ የተኛው አብዛኛው ይሞታል። የቴክሳስ ምክር ቤት ግን ምክሩን በሕግ ሳያጸናው ቀረ።

በ1903 ሲመን ናፕ የተባሉ ዕድሜያቸው ወደ 70 የተጠጋ ሽማግሌ፥ ቴረል በምትባል ከተማ አጠገብ ፖርተር በሚባል ገበሬ መሬት ላይ አዲሱን አስተራረስ አሳዩ። ኪሳራ ቢደርስ እንከፍላለን ብለው የከተማው ነጋዴዎች ገንዘብ አዋጡ፤ ገበሬው ግን 700 ዶላር ያህል ብልጫ አገኘ። ወዲያው በ1904 መንግሥት ለነቀዙ መከላከያ ገንዘብ ስለ መደበ፥ ናፕ ይህንኑ ትምህርት በየአውራጃው አስፋፉት፦ ቶሎ የሚደርስ ዘር ምረጥ፥ ቀድመህ ዝራ፥ አገዳውን አጥፋ።

ቢሆንም ነቀዙ አልቆመም። እስከ 1922 ድረስ የጥጡን አገር ከሞላ ጎደል አዳረሰው። ዕዳውን በጥጡ ብቻ የሚከፍለው ጭሰኛ፥ ይልቁንም ጥቁሩ ጭሰኛ፥ መሬቱን እየተወ ወደ ሰሜን ከተሞች ከተሰደደበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነበር።

ከዚህ በኋላ ዘመኑ የመርዝ ሆነ። መጀመሪያ ካልሲየም አርሴኔት፥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ደግሞ ዲ.ዲ.ቲ. እና መሰሎቹ ተረጩ። በ1950ዎቹ አጋማሽ ግን ነቀዙ አዲሶቹን መርዞች ለመደ። መርዙ ሌላም ጉዳት ነበረው፤ ተባይ የሚበሉትን ጠቃሚ ነፍሳት ስለሚፈጅ፥ ነቀዙ ሲቀንስ ሌላ ትል ይበዛ ነበር። በ1959 ብራዝል የተባለው ሊቅና ባልደረባው ነቀዙ ስብ አጠራቅሞ እንዴት ለብርዱ እንደሚተኛ ገልጸው ጻፉ፤ ሊቃውንቱም ከመተኛቱ በፊት፥ በመከር ወራት እንዲመታ መከሩ። እኔን የሚያሳዝነኝ፥ ከ65 ዓመት ድካም በኋላ ሰዎቹ ታውንሴንድ ወደ ቆመበት ደጃፍ መመለሳቸው ነው።

ይሁን እንጂ ከእንቅልፉ ስንት ነቀዝ እንደሚነሣ የሚያውቅ አልነበረም። በ1969 በሚሲሲፒ ያሉ ተመራማሪዎች ወንዱ ነቀዝ ሌሎቹን የሚጠራበትን ሽታ ለይተው በቤተ ሙከራ ሠሩት። ሽታው በትንሽ ወጥመድ ውስጥ ተደርጎ፥ ጥጡ እምቡጥ ከማውጣቱ በፊት በእርሻው ዳር ይተከላል፤ የገባውም በየሳምንቱ ይቆጠራል። ቁጥሩ ዝቅተኛ ከሆነ ገበሬው መርዙን አይነካም፤ መካከለኛ ከሆነ እርሻውን ራሱን ይመረምራል፤ ከፍ ያለ ከሆነ እምቡጡ የክብሪት ራስ ሲያህል፥ እንቁላል ሳይጣልበት ይረጫል። በቴክሳስ አንዳንድ ቦታ እንዲያውም ሁሉም ተስማምተው ዘግይተው ይዘሩ ነበር፤ ቀድሞ የነቃው ነቀዝ እምቡጥ አጥቶ በረኃብ ይሞታልና። ናፕ ቀድማችሁ ዝሩ ብለው ያስተማሩትን ላስታወሰ ይህ ተቃራኒ ይመስላል፤ የብርዱ ጽናትና የዝናቡ ጊዜ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል።

በ1978 በቨርጂኒያና በሰሜን ካሮላይና ነቀዙን ፈጽሞ የማጥፋት ዘመቻ ተጀመረ፤ ወጥመዱም የዘመቻው ዓይን ሆነ። ዛሬ ነቀዙ ከአሜሪካ የጥጥ እርሻ ሁሉ ጠፍቶ የቀረው በደቡብ ቴክሳስ፥ መጀመሪያ በገባበት በሪዮ ግራንዴ ወንዝ አጠገብ ብቻ ነው። እዚያም ወጥመዱ እንደ ተተከለ፥ ቆጣሪዎቹም እየተመላለሱ ያዩታል።