አደጋ ወይስ ጥቃት? ከካርቲየ 5 እስከ ስደተኞች የባሕር መንገድ የሴቶችን አሟሟት ስለ መመዝገብ

የአንዲት ሴት ሞት መዝገብ ላይ «አደጋ» ተብሎ ሲሰፍር ምርመራው ብዙውን ጊዜ እዚያው ላይ ያበቃል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ፣ በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ 5ን በመሰሉ ሰፈሮችም ሆነ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በሚሻገሩበት ባሕር፣ አደጋንና ጥቃትን አስከሬኑን በማየት ብቻ መለየት ስለማይቻል መዝገቡ የሞቱን ሁኔታም መያዝ አለበት የሚል ነው።

በቁጥር የሚጠሩት የከተማዋ ነባር ሰፈሮች ለረጅም ዘመን ከእንጨትና ከቆርቆሮ በተሠሩ፣ እርስ በርስ በተጠጋጉ ቤቶች ይታወቃሉ። በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ ተቃጥላ የሞተች ሴት ቁስሏ የሚናገረው ስለ እሳቱ ነው። ምድጃው ተገልብጦ ይሁን ሰው ነዳጅ አርከፍክፎባት አይገልጽም። ሟቿ ያለ መኖሪያ ፈቃድ በሰው ቤት የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ከሆነች ደግሞ ምስክሩ አሠሪዋ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ጠያቂ ዘመዶቿ ያሉት ከድንበር ማዶ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከያ ቢሮ ግምት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ላይ ሆን ተብሎ ከተገደሉት 85,000 ያህል ሴቶችና ልጃገረዶች 51,100ው የሞቱት በትዳር ወይም በፍቅር አጋራቸው አለዚያም በቤተሰባቸው እጅ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ የደረሰ ሞት ከጥርጣሬ ነፃ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ባሕሩም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሳል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 2021 ከጅቡቲ ወደ የመን በምትጓዝ ጀልባ ላይ የነበሩ አዘዋዋሪዎች 80 ያህል ስደተኞችን ወደ ውኃ ወርውረው ቢያንስ 20ዎቹ ሞተዋል። አስከሬኑን ብቻ የሚያይ መርማሪ «መስጠም» ብሎ ይጽፋል፤ የተፈጸመው ግን ግድያ ነው። ሞቱ አደጋ በሚሆንበት ጊዜም ሁኔታው መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ከሶማሊያ የቦሳሶ ወደብ 260 ኢትዮጵያውያንንና ሶማሌዎችን አሳፍራ የተነሣች ጀልባ በየመን ሻብዋ አቅራቢያ ስትገለበጥ፣ መሞታቸው መጀመሪያ ከተረጋገጠው 49 ሰዎች 31ዱ ሴቶች ነበሩ። በዚህ መስመር የሚጓዙት በአብዛኛው ወንዶች መሆናቸው ሲታሰብ ይህ ድርሻ ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ሴቶቹ የተቀመጡት ጀልባዋ ውስጥ የት ነበር? ልጅ ታቅፈው ነበር? መዋኘት ይችሉ ነበር? እነዚህን ከተራፊዎች ጠይቆ የማይመዘግብ ሥርዓት ቀጣዩን ሞት መከላከል አይችልም።

ዓለም አቀፉ የበሽታዎች ምደባ ከአደጋና ከጥቃት ሌላ «ሆን ተብሎ መሆን አለመሆኑ ያልተለየ» የሚል ክፍል አለው። ምርመራ እስኪጠናቀቅ ድረስ አጠራጣሪ ሞት መስፈር ያለበት እዚህ ነው። ለእንዲህ ያለው ምዝገባና ምርመራ አርአያ የሚሆን ሥራ በአዲስ አበባ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በከተማዋ የመቃብር ስፍራዎች ቀብሮች ሲመዘገቡ፣ የሞት ምክንያትም ከሟች ቤተሰብ በሚወሰድ ቃል ሲጠና ቆይቷል። በጅቡቲም መስጊዶች፣ ሆስፒታሎች፣ የጅቡቲ ሴቶች ብሔራዊ ኅብረትና የኢትዮጵያ ኤምባሲ ተባብረው እንዲህ ያለ ምዝገባ ሊጀምሩ ይገባል፤ ኢትዮጵያ ያለውን ቤተሰብ ቃል በስልክ መቀበል ይቻላል። ፍትሕ የሚጠየቀውም ሆነ መከላከያ የሚቀየሰው የእያንዳንዷ ሴት አሟሟት ተጣርቶ ሲጻፍ ነው።