የቫይታሚን ኬ አምፑል
ቡናማ ብርጭቆ፣ 10 ሚሊግራም ፊቶሜናዲዮን። 21ኛው ክፍለ ዘመን። ከአትላስ አካባቢ መድኃኒት ቤት፣ ቦሌ፣ አዲስ አበባ።

ብርጭቆው ቡናማ የሆነው ብርሃን መድኃኒቱን ስለሚያበላሸው ነው። ዋርፋሪን የተባለው የደም ማቅጠኛ ከልክ አልፎ ደም አልቆም ሲል ቫይታሚኑ በደም ሥር በዝግታ ይሰጣል። ጉበት ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን እንደገና እስኪሠራ ግን ሰዓታት ይፈጃል። ቫይታሚኑን ያገኘው የዴንማርኩ ሄንሪክ ዳም የ1943 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል።

በአገራችን ዋርፋሪን ከሚጀምሩት መካከል የልጅነት የጉሮሮ ሕመም ልባቸውን ጎድቶ ሰው ሠራሽ ቫልቭ የገባላቸው ይገኙበታል። አምፑሉ የያዘው ቫይታሚን በጎመንም በብዛት ስላለ፣ በጾም ወራት ጎመን ሲበዛ የዋርፋሪኑ ኃይል ይደክማል። ዋርፋሪን የሚወስድ የቤተሰብ አባል ካለዎት ጎመኑን አያስቀሩበት፤ መጠኑ ግን ከሳምንት ሳምንት አይለዋወጥ።