በጉሉ የተቀዳው ደም ምን አስተማረን?

በክፍል ውስጥ ስለ ኢቦላ ስናስተምር አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ በሽታው መኖሩ አንዴ ከታወቀ ደሙን ደጋግመው የሚቀዱት ለምንድነው? ይሸጡታል እንዴ?» ብሎ ጠየቀን። ክፍሉ ሳቀ፤ እኛ ግን አልሳቅንም። በወረርሽኝ ጊዜ እንዲህ ያለ ወሬ ሰውን ከሕክምና ያሸሻል። መልሱን ከኡጋንዳ ታሪክ እናገኘዋለን።

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2000 በሰሜን ኡጋንዳ፣ በጉሉ፣ ኢቦላ መግባቱ ታወቀ። ያኔ ብዙው የአካባቢው ሕዝብ እንደኛው በጦርነት ተፈናቅሎ በካምፕ ይኖር ነበር። የላኮር ሆስፒታል ኃላፊ ዶክተር ማቲው ሉክዊያ ተማሪ ነርሶች ሲሞቱባቸው ጠርጥረው ለመንግሥት አሳወቁ። በዲሴምበር እሳቸውም በዚያው በሽታ አረፉ። ወረርሽኙ በ2001 መጀመሪያ እስኪቆም 425 ሰው ይዞ 224 ገደለ።

በሆስፒታሉ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ጊዜያዊ ላቦራቶሪ ከፍቶ ነበር። የተጠቀሙበት ዘዴ ፒ.ሲ.አር. ይባላል። ይህ ዘዴ የቫይረሱን አር.ኤን.ኤ. ወደ ዲ.ኤን.ኤ. ገልብጦ በየዙሩ እጥፍ ያደርገዋል፦ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ። ብዙ ቫይረስ ያለበት ደም በጥቂት ዙር ይታያል፤ ጥቂት ያለበት ብዙ ዙር ይፈልጋል። ስለዚህ ዙሩን በመቁጠር የቫይረሱን መጠን ማወቅ ይቻላል።

ከጉሉ በሽተኞች በተለያየ ቀን በተቀዳው ደም ላይ የተደረገው ጥናት በ2004 ታተመ። በሞቱት ሰዎች ደም ውስጥ የነበረው ቫይረስ፣ ሕመሙ ከጀመረ በእኩል ቀን ሲነጻጸር፣ ከዳኑት በአማካይ 100 እጥፍ ያህል ይበልጥ ነበር። ደሙ አንዴ ብቻ ቢቀዳ ኖሮ ይህ አይታወቅም፤ ቫይረሱ እየጨመረ ይሁን እየቀነሰ የሚለየው ተደጋግሞ ሲለካ ነው።

ታዲያ ቁጥሩ የሞት ፍርድ ነው? አይደለም። በ2018 እና በ2019 በኮንጎ ዲሞክራቲክ ሪፐብሊክ ከተፈተኑት አራት መድኃኒቶች ሁለቱ የተሻለ ውጤት አሳዩ። የተሠሩት ለዛየር ዓይነት ኢቦላ ነው፤ የጉሉው የሱዳን ዓይነት ነበር። የቫይረሱ መጠን ዝቅ እንዳለ መድኃኒቱን ካገኙት ከ10 ሰው 9 ያህሉ ዳነ። መጠኑ ከፍ ካለ በኋላ ካገኙት ግን ከ10 ሰው 6 ወይም 7 ሞተ።

መምህራን፣ ይህን በሒሳብ ክፍለ ጊዜም አስተምሩት፦ 1 ስንት ጊዜ ቢታጠፍ 100ን ያልፋል? 7 ጊዜ ነው። ተማሪዎች ደግሞ ቤት ስትገቡ ለእናት ለአባታችሁ ንገሩ፤ ደሙ የሚቀዳው ለመለካት ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ትኩሳት የጀመረው ሰው ዛሬውኑ ይሂድ፤ ነገ አይበል።