የሸማኔው ጉድጓድና የ1952ቱ የንግድ ሕግ

በአገራችን ስለ አነስተኛ ንግድ ሲጻፍም ሆነ ሲወራ ነገሩ ሁሉ ስለ አጀማመር ነው፤ ብድር፣ ሥልጠና፣ የመሥሪያ ቦታ። ባለሙያው አርጅቶ ሥራውን በሚያቆምበት ቀን ምን ይዞ ይወጣል ብሎ የሚከራከር የፖለቲካ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ጥያቄው ወደ እኔ የመጣው ሽሮ ሜዳ ነው። ነጠላ ያሠራኋቸው አንድ የጋሞ ሸማኔ፣ ዓይናቸው ጥለት መለየት ስላቃተው ሊያቆሙ መሆኑን ነገሩኝ። «ታዲያ ለማን ያስረክባሉ?» ብላቸው እግራቸውን ከሰደዱበት ጉድጓድ ቀና አሉና «ጉድጓዱን ነው?» አሉኝ።

አዲስ አበቤ የጋሞን ሸማኔ ሁሉ በጅምላ «ዶርዜ» ይለዋል። ዶርዜ ግን ከአርባ ምንጭ በላይ፣ በጨንቻ ደጋ ካሉት በርካታ የጋሞ ማኅበረሰቦች አንዱ ብቻ ነው። የምኒልክ ጦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ደጋውን ከያዘ በኋላ ሸማኔው ሙያውን ይዞ ወደ ዋና ከተማው መጣ፤ ሽሮ ሜዳና ጉለሌ ሰፈረ። ለመስቀል ግን ዛሬም ወደ አገሩ ይመለሳል።

አገር ቤት ደግሞ የቆየ መውጫ ነበረው። ሀብት ያፈራ ሰው ትልቅ ድግስ ደግሶ ሀላቃ ይባል ነበር። ሮዳ ሃልፐሪንና ጁዲት ኦልምስቴድ እ.ኤ.አ. በ1976 ስለ ዶርዜ ባሳተሙት ጥናት፣ ማኅበረሰቡ ባለጸጋውን እንዴት አድርጎ ደጋሽ እንደሚያደርገው ጽፈዋል። ገንዘቡ ይበላል፤ ክብሩ ይቀራል። ክብር በእርጅና ጊዜ ምን ያህል እንደሚጦር፣ የከተማ ሰው በቀላሉ አይገባውም።

በከተማ ይህንን የሚተካ ነገር መምጣት የነበረበት በ1952 ዓ.ም. ነበር። ዣን ኤስካራ ጀምሮት ሲሞት አልፍሬድ ዦፍሬ የጨረሰው የንግድ ሕግ፣ «የንግድ መደብር» የሚባል ከፈረንሳይ የመጣ ሐሳብ አስተዋወቀን። በዚህ ሐሳብ መሠረት ነጋዴ የሚሸጠው ዕቃውን ብቻ አይደለም፤ ደንበኛ በእርሱ ላይ ያለው እምነት፣ መልካም ዝናው፣ ራሱ ዋጋ አለው፤ ይሸጣል፣ ይወረሳል። ነገር ግን ያው ሕግ በአንቀጽ 9 የእጅ ባለሙያውን ከነጋዴ እንደማይቆጥረው ደነገገ። የንግድ መደብር ያለው ነጋዴ ነው፤ ሸማኔ ነጋዴ አይደለም፤ ስለዚህ በሕግ ዓይን ሸማኔ የሚሸጠው መደብር የለውም! በዚያው ዓመት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ልጆች እኩል ይውረሱ ቢልም፣ እንጨትና መወርወሪያ ለስንት ይከፈላል?

ደርግ መጣ። ከጥለት ቆጥቦ ለእርጅናው የሚከራይ ቤት የሠራ ሸማኔ ካለ፣ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 «ትርፍ ቤት» ተብሎ ተወረሰበት። ኢሕአዴግ በ2003 ዓ.ም. ባወጣው ስትራቴጂ አነስተኛ ተቋማትን «ጀማሪ፣ ታዳጊ፣ የበቃ» ብሎ ደረጃ አወጣላቸው፤ «ተሰናባች» የሚል ደረጃ ግን የለም። በዚያው ዓመት የመጣው የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የሚሰላው በደመወዝ ነው። ሸማኔ ማን ደመወዝ ይከፍለዋል? የ1952ቱ ሕግ ስለ ነጋዴዎች የሚናገረው ክፍሉ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ሲተካም፣ የሰማሁት ክርክር ስለ አክሲዮን ማኅበራት እንጂ ስለ ሽሮ ሜዳ አልነበረም።

የዚህ ዕዳ ከፋይ አለው። የጋሞ ደጋ ሕፃናት ለሽመና ወደ አዲስ አበባ ስለ መወሰዳቸው ለዓመታት ተጽፏል፤ ድርጊቱ ወንጀል ነው፣ ማመካኛም አላቀርብለትም። ሆኖም የሚሸጥ መደብርም ጡረታም የሌለው ሽማግሌ ከሥራው ሊወጣ አይችልም፤ እጁ ሲደክም የሌላ ሰው እጅ ይፈልጋል፤ ከሁሉ የሚረክሰው ደግሞ የልጅ እጅ ነው። ፖሊስ የሚያየው የመጨረሻውን ክፍል ብቻ ይመስለኛል።

እኚህ ሸማኔ ልጃቸውን ጉድጓድ አላስገቡም፤ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ይማራል። አንድ አሮጌ ደብተር ግን አሳዩኝ፤ የደንበኞቻቸው ስም፣ ቁመትና የሚወዱት የጥለት ቀለም በልጁ እጅ ተጽፎበታል። ኤስካራ ቢያየው መልካም ዝና ማለት ይኸው ነው ይል ነበር። ለማን እንደሚሰጡት እስካሁን አልወሰኑም።