የኦፒየም ንግድና የሁለት በር ሕግ

አንድ መንግሥት ያወጣው ሕግ ከወሰኑ ባሻገር ሰሚ ባጣ ጊዜ ምን እንደሚደርስበት የቻይና ታሪክ ያስረዳናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1729 ንጉሠ ነገሥት ዮንግዠንግ የኦፒየምን ሽያጭ በዐዋጅ ከለከሉ። ሆኖም በቤንጋል የተመረተውን መርዝ የእንግሊዝ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በካልካታ በጨረታ ይሸጠው፤ ነጋዴዎችም በስውር ወደ ካንቶን ያስገቡት ነበር። ጉቦ የቀመሱ ሹማምንትም አይተው እንዳላዩ ያልፉ ነበር።

በ1839 ሊን ዜሹ የተባሉ ቆራጥ ሹም ከ20,000 የሚበልጥ ሣጥን ወርሰው፥ በሁመን በጨውና በኖራ አሟሙተው ወደ ባሕር አፈሰሱት። የእንግሊዝ መንግሥት ግን ጦር ላከ። በ1842 በተፈረመው የናንኪንግ ውል ቻይና ሆንግ ኮንግን አስረከበች፤ 21 ሚሊዮን ዶላርም እንድትከፍል ተገደደች፤ ከዚህም ውስጥ 6 ሚሊዮኑ የዚያው የጠፋው ኦፒየም ዋጋ ነበር። ሕግ አስከባሪው ሊንም ተሽረው ተጋዙ።

በ1909 የ13 መንግሥታት መልክተኞች በሻንግሃይ መከሩ፤ በ1912 በሄግ የተፈረመው ውልም ተቀባዩ አገር የከለከለውን ጥሬ ኦፒየም ላኪው እንዳይልክ ደነገገ። ከዮንግዠንግ ዐዋጅ እስከዚህ ድረስ 183 ዓመት አለፈ። እንግዲህ ኮንትሮባንድን የሚገታ ሕግ በተቀባዩ በር ብቻ ሳይሆን በላኪውም በር ዘበኛ እንደሚያሻው ከዚህ እንረዳለን።