ሩዝ፣ እምቦጭና የድንጋይ አጥር፦ የመፍትሔ ሐሳብ በፎገራ ሜዳ እንዴት ይዛመታል?

የአየር ንብረት ለውጥ በተነሳበት ስብሰባ ሁሉ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ፤ «ኅብረተሰቡ ግንዛቤ ይጎድለዋል» ይባላል። የፎገራ ሜዳ ታሪክ ይህን አይደግፍም። ከጉና ተራራ የሚወርዱት የርብና የጉማራ ወንዞች ጣና ሐይቅ ከመግባታቸው በፊት በዚህ ሜዳ ላይ ይተኛሉ። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ገንፍለው በፎገራና በሊቦ ከምከም በሺህ የሚቆጠር ሰው ሲያፈናቅሉ፣ የወረታ ዙሪያ ገበሬ ከውኃ ጋር መኖርን ከጀመረ ቆይቶ ነበር። መጠየቅ ያለበት አንዱ ሐሳብ ከማሳ ወደ ማሳ ሲሻገር ሌላው ከዘመቻ የማያልፍበት ምክንያት ነው።

በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ የገበሬ አምራቾች ማኅበራት ሩዝ ሞክረው ነበር። ከ1982ቱ የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ በኋላ ማኅበራቱ ፈረሱ፤ ዘሩ ግን በገበሬው እጅ ቀረ። በ1986 ዓ.ም. በሁለቱ ቀበሌዎች 30 ያህል ገበሬዎች 6 ሄክታር ገደማ ያለሙ እንደነበር በጥናቶች ተመዝግቧል። ዛሬ ፎገራ የአገሪቱ ዋነኛ የሩዝ አምራች ነው፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም መቀመጫው ወረታ ነው። ምርምሩ ገበሬውን ተከትሎ እንደመጣ ልብ ይሏል።

ሩዝ የተዛመተበት መንገድ ውስብስብ አይደለም። ጤፍና ኑግ ውኃ በልቷቸው በሚቀሩበት ቦታ የጎረቤት ሩዝ ለምልሞ ይታያል። ዘር ከዘመድ ይለመናል፣ ካልሆነም በእህል ይለወጣል። የሩዝ አረም ለአንድ ቤተሰብ ስለሚከብድ ብዙ ጊዜ በወንፈል ይታረማል፤ ወንፈል የወጣ ሰው የባልንጀራውን ማሳ ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብሎ ሲያየው ይውላል። አዘራሩን፣ አረሙን፣ የዘለላውን አያያዝ ያስተውላል፤ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ የሚጠይቀው ዘሩ ከየት እንደተገኘ ብቻ ነው። ሩዙ ሳይታጨድ ጓያ ከሥሩ መዝራትም፣ የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ደባልቆ እንጀራ መጋገርም የአካባቢው የአሠራር ጥበብ ሆኗል።

ሆኖም የግል ማሳን ያዳነው መፍትሔ የጋራውን ሀብት በልቷል። በሜዳው ላይ ያሉት የወላላና የሸሸር ረግረጎች፣ ውኃው ሲሸሽ እግር በእግር እየተከተለ በሚያርሰው ገበሬና በውኃ ሞተር ምክንያት ጠበዋል። በውኃማ ግጦሽ ላይ የኖረው የፎገራ ከብት ቦታውን ለሩዝ ለቅቋል፤ ዝርያውን የመጠበቁ ሥራ በአብዛኛው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሆኗል። ውኃ የተኛበት የሩዝ ማሳ ሚቴን የሚባለውን ሙቀት አማቂ ጋዝ የሚለቅ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ክልልነት ተመዝግቧል፤ ምዝገባ ግን ብቻውን ሞፈር አያስቆምም።

ከሩዝ ተቃራኒው ምሳሌ ጣናን በወረረው የውኃ አረም፣ በእምቦጭ ላይ የተደረገው ዘመቻ ነው። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የአማራ ክልል ባወጀው የአንድ ወር ዘመቻ ብዙ ሕዝብ ውኃ ውስጥ ገብቶ አረሙን በእጁ ነቀለ። ፈቃደኝነት አልጎደለም። የጎደለው፣ የጸዳውን ዳርቻ በማግስቱ የሚጠብቅና ከዚያም የሚጠቀም ባለቤት ነበር፤ አረሙ ተመልሶ በቀለ።

ፎገራ በሚገኝበት በደቡብ ጎንደር የተሻለ መንገድ ታይቷል። አንባቢ በ«እመጓ» ደራሲነታቸው የሚያውቃቸው የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪው ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ፣ ከአሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ከሜግ ሎውማን ጋር በቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ሲሠሩ፣ ካህናቱና ምእመናኑ ደኑን በድንጋይ አጠሩ። ድንጋዩ የተለቀመው ከእርሻ ውስጥ ነው። ያለ ሲሚንቶ ተካክቦ የቆመው ካብ ከብት ችግኝ እንዳይበላና እንዳይረግጥ ያግዳል፤ ገበሬው ደግሞ ማሳው ጸድቶለት ለማረስ ይቀለዋል። ጥቅሙ ለደኑም ለጎተራውም ስለደረሰ ካቡን የሚያፈርስ ሰው ምክንያት አጣ። በእኔ ግምት የሐሳቡ ብልኃት ከካቡ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

ሐሳብ መተማመንንም ይሻል። ለወረታ ቅርብ የሆነው የአውራምባ ማኅበረሰብ በቤተሰብ ውይይት ባህሉና በጋራ ሥራው ከሩቅ አገር ሳይቀር ጎብኚ ይስባል። ከጎረቤቶቹ ጋር ግን ለዓመታት በጥርጣሬ መተያየቱ፣ ጥሩ ልምድ አጥር ተጋርተው ለሚኖሩ ሰዎችም ላይደርስ እንደሚችል ያሳያል።

ለወላላና ለሸሸር የሚያስፈልገውም የድንጋይ ካቡ ዓይነት ስሌት ነው። የረግረጉን ወሰን ነዋሪው ራሱ ይከልል፤ በውስጠ ደንብ ያጽናው። እርሻ የተከለከለበትን ሣር የወሰኑ አዋሳኞች በተራ አጭደው ለፎገራ ላሞቻቸው ይውሰዱ፤ ጥበቃውንም እነሱው ይያዙት። የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና የቀበሌዎቹ አመራሮች የሚቀጥለውን ዘመቻ ከማወጃቸው በፊት፣ ሣሩን ማን እንደሚያጭድ ከነዋሪው ጋር ተቀምጠው ይወስኑ።